ቪትዟ ከ80 በላይ ለምን ትሰክራለች?

ጥያቄው እንዲህ ይላል። «ጋሼ፣ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የፈረንጅ 2008 ቪትዝ አለችኝ፣ 1.3። ሞላዋን አስቀይሬ ዝቅ አድርጌያታለሁ። ቸርኬዋንም 17 አድርጌዋለሁ። ከተማ ውስጥ ምንም አትልም። ወደ ቢሾፍቱ ስወጣ ግን ከ80 በላይ አትረጋም፣ ግራ ቀኝ ትላለች። የጭነት መኪና ሲያልፈኝማ ነፍሴ ትወጣለች። አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ሁለቴ አሠራሁ፣ ለውጥ የለም። አንድ መካኒክ ‹ቀላል መኪና ስለሆነች ነው፣ ከኋላ አሸዋ ጫንባት› አለኝ። ሁለት ማዳበሪያ አሸዋ ጭኜ እየነዳሁ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ከአሸዋው ልጀምር። አሸዋው ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያሽለውም።

ቪትዝ በፊት ጎማ የምትነዳ መኪና ናት። ሞተሩም ካምቢዮውም ያሉት ፊት ነው። ስለዚህ ከክብደቷ የሚበዛው በፊት ጎማዎች ላይ ያርፋል። ቀጥ ብላ እንድትሄድ ከሚያደርጓት ነገሮች አንዱ ይሄው ነው። ጦር አስብ። ብረቱ ከፊት ነው፣ እንጨቱ ከኋላ ይከተላል። ብረቱን ጭራው ላይ አስረህ ብትወረውረው አየር ላይ ይገለበጣል። አንተም ከኋላ ጎማው ጀርባ ሁለት ማዳበሪያ ስትጭን ጦሩን እየገለበጥከው ነው። ኋላው ሲጫን ፊቱ ይቀላል። ፊቱ ሲቀል መሪው ይፈዛል። ዝቅ ያለችው ሞላ ደግሞ ድሮም የምትተጣጠፍበት ቦታ የላትም። አሸዋው የቀረችውን ወሰደባት።

«ቀላል ስለሆነች ነው» የሚለውም አያሳምነኝም። አንድ ቶን ገደማ ትመዝናለች። ከፋብሪካ ስትወጣም ይህንኑ ያህል ነበረች። ስንቱ ቪትዝ ነው በየቀኑ አዳማ ደርሶ የሚመለሰው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እኔ ገላን አካባቢ ባለች ጋራዥ ውስጥ ስሠራ ብዙ ዓመቴ ነው። «መኪናዬ አትረጋም» የሚለውን ቃል ቡና እንደምጠጣው ያህል እሰማዋለሁ። ግን አትረጋም ማለት ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ሐኪም ጋ ሄደህ «አሞኛል» እንደማለት ነው። የቱ ጋ ነው የሚያምህ? ወደ አንድ ጎን ብቻ ትጎትታለች? መሪው እጅህ ላይ ይንቀጠቀጣል? ጉብታ ስታልፍ ሁለት ሦስቴ ትነጥራለች? ወይስ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሳታቋርጥ መሪ እያስተካከልክ ትሄዳለህ? እነዚህ አራቱ የተለያየ በሽታ ናቸው።

አንተ የጻፍከው «ግራ ቀኝ ትላለች» ብለህ ነው። ትጎትታለች አላልክም። ትንቀጠቀጣለች አላልክም። ስለዚህ የአንተ መኪና ትቅበዘበዛለች። መቅበዝበዝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው። አንድም ጎማው መንገዱን ይከተላል፣ አንድም አንድ ነገር ላልቷል፣ አንድም ጎማዎቹ የሚያዩበት አቅጣጫ ተዛብቷል። በአንተ ላይ ሦስቱም ያሉ ይመስለኛል።

መንገዱን ጠርጥር መጀመሪያ። ከቃሊቲ በገላን በዱከም የሚወጣው አሮጌው መንገድ የጅቡቲ ጭነት ለስንት ዓመት የተመላለሰበት ነው። ከባድ መኪና አስፋልቱን በፀሐይ እየደፈጠጠ ሁለት ቦይ ያወጣበታል። በክረምት ውሃ ሲቋጥር ቦዩን በዓይንህ ታየዋለህ። የከባድ መኪና የግራና የቀኝ ጎማ ርቀት ወደ 2 ሜትር ነው። የአንተዋ 1.5 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ አንዱን ጎማህን ቦዩ ውስጥ ስታስገባ ሌላው የቦዩ ዳገት ላይ ይወጣል። ዳገት ላይ ያለው ጎማ መውረድ ይፈልጋል። አንተ በመሪ ትመልሰዋለህ። መለስከው ስትል ያኛው ይወጣል። ይሄ ዳንስ እስከ ቢሾፍቱ አያልቅም።

ይህን ከመኪናዋ በሽታ ለመለየት ቀላል መንገድ አለህ፣ እሱም ደጅህ ላይ ነው። በ2014 እንደ ፈረንጅ የተከፈተው የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እዚያው ቱሉ ዲምቱ አይደል? በጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ ግባ። አሸዋውን አውርደህ። በ80 እና በ90 መካከል ሂድ፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። እዚያ ቀጥ ብላ ከሄደች ችግሩ በአብዛኛው ጎማውና የአሮጌው መንገድ ቦይ ናቸው። እዚያም ከተቅበዘበዘች መኪናዋ ራሷ ታማለች። ነፋሱን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ወደ አዳማ በኩል ሜዳው ገላጣ ነው። የነፋስ ኃይል ማመንጫው እዚያ የተተከለው ነፋስ ስላለ ነው፣ በፈረንጅ 2015 የተጠናቀቀው ሁለተኛው ምዕራፍ ብቻ 153 ሜጋ ዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ሞክረህ «ትወዛወዛለች» ብትለኝ ነፋሱን ይሁን መኪናዋን እንደምትነግረኝ አላውቅም።

አሁን ጎማው። የዚህችን ሞዴል 1.3 ቪትዝ ብዙ ጊዜ የማያት 185/60 በ15 ጎማ ሆና ነው። በ17 ቸርኬ የሚገጠምላት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 205/40 ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው፣ የመጨረሻው የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። ከሌላ ቁጥር ጋር ከሆንክ ስሌቱን ራስህ መድገም ትችላለህ። 185ን በ60 በመቶ ስታባዛ 111 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ይሄ የጎማው ጎን ቁመት ነው፣ ማለትም በቸርኬውና በአስፋልቱ መካከል ያለው ላስቲክ። 205ን በ40 በመቶ ስታባዛ 82 ሚሊ ነው። ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ ጠፋ። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ብዙም አልተለወጠም፣ 603 ሚሊ የነበረው 596 ሆነ። ስለዚህ የፍጥነት ቆጣሪህ አይዋሽም። ፀባይዋ ግን ተለወጠ።

ረጅም ጎን ያለው ጎማ የቦዩ ዳር ሲነካው ይተጣጠፋል፣ ነገሩን ራሱ ይውጠዋል። አጭርና ሰፊ ጎማ አይተጣጠፍም። የተነካውን ሁሉ ቀጥታ ወደ መሪ ይልከዋል። ሰፊ ስለሆነም ቦዩን ቀድሞ የሚነካው ጠርዙ ነው፣ ጠርዙ ሲገፋ ደግሞ መሪውን ለማዞር ጉልበት አለው። ለዚህ ነው ስፖርት መኪና የሚነዱ ሰዎች መሪያቸውን ሁለት እጅ ይዘው የምታያቸው። ለማማር ብቻ አይደለም።

ሌላው ጎማው ውስጥ የሚሞላው የንፋስ መጠን ነው። ጎሚስታዎቻችን አጭር ጎማ ሲያዩ ቸርኬው ጉድጓድ ውስጥ እንዳይጣመም ብለው 40 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) እና ከዚያ በላይ ይሞሉታል። አሳቢነታቸው ደስ ይለኛል። ግን ጎማው ድንጋይ ይሆናል፣ መሬት የሚነካውም መሐሉ ብቻ ይሆናል። በበርህ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ለፋብሪካው ጎማ የተጻፈ ነው። አጭሩ ጎማ የሚይዘው አየር ጥቂት ስለሆነ ከሱ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። በ205/40 ከ34 እስከ 36 ፒኤስአይ ጀምር። ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን። ብዙ ሰው ነዳጅ ማደያ ድረስ ነድቶ፣ ጎማው ከሞቀ በኋላ ነው የሚለካው። ያኔ ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ይላል።

የጎማውንም ዕድሜ ተመልከት። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩሃል። ዓመቱ የፈረንጅ ነው። ይህን የምለው አንድ ደንበኛዬ ላይ የደረሰውን ስላየሁ ነው። «አዲስ ጎማ ነው፣ የ16 ምርት» ተብሎ ገዛ። ጎማው ላይ 1916 ይላል። እሱ 16ቱን እንደ እኛ 2016 አድርጎ አነበበው። የፈረንጅ 2016፣ 19ኛው ሳምንት ነው። ስምንት ዓመት ገደማ የቆየ ላስቲክ ነበር። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ላስቲኩ ግን ደርቆ ጎኑ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። እንዲህ ዓይነት ጎማ መንገድ አይዝም።

ከአራቱ ጎማዎች ሁለቱ የተሻሉ ከሆኑ ደግሞ ከኋላ አድርጋቸው። እዚህ አገር ሁሉም ሰው አዲሱን ፊት ነው የሚያስገባው። ፊቱ ቢንሸራተት ቤንዚን ስትለቅ ይመለሳል። ኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናዋ ትዞራለች።

ስለ ቸርኬው በአጭሩ ልናገር። የቪትዝ ቸርኬ አራት ብሎን ነው፣ መሐሉ ያለው ቀዳዳ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ጌጠኛ ቸርኬ ለብዙ መኪና እንዲሆን ቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ ይሠራል። መሐሉን የሚሞላ ቀለበት ካልገባበት ቸርኬው የሚቀመጠው በብሎኖቹ ላይ ብቻ ነው፣ መሐሉን ይስታል። ይሄ የሚያመጣው መንቀጥቀጥ ነው፣ ስለዚህ ያንተ በሽታ ላይሆን ይችላል። ግን ሌላም ነገር አለ። አዲሱ ቸርኬ ጎማውን ወደ ውጭ ምን ያህል አወጣው? ቸርኬው ጀርባ ላይ ኢቲ ከሚል ምልክት ጋር ቁጥር ተጽፏል። ከድሮው ቁጥር በ10 ካነሰ ጎማው 10 ሚሊ ወደ ውጭ ወጥቷል ማለት ነው። ጎማው በወጣ መጠን የመንገዱ ምት መሪውን የሚጎትትበት ክንድ ይረዝማል። ጎማውን ወደ ውጭ ለማውጣት ብለህ በቸርኬውና በመኪናዋ መሐል ብረት አስገብተህ ከሆነ እሱን አውጣው። በዚህ ብረት ጉዳይ ክርክር አልገባም።

አሁን ወደማልወደው ክፍል እንምጣ፤ ዝቅ ማድረጉ። «ሞላ አስቀየርኩ» ብለሃል። ተቀየረ ወይስ ተቆረጠ? ብዙ ወጣት ተቀየረልኝ ብሎ ያመጣትን መኪና ስፈታት በግራይንደር የተቆረጠ ሞላ ነው የማገኘው። የተቆረጠ ሞላ ጫፉ በቦታው አይቀመጥም። ግራና ቀኙም እኩል አይሆንም። እንዲህ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትተህ ሞላውን ቀይር።

በትክክል የተሠራ አጭር ሞላ ቢሆንም ችግሩ አይቀርም። ከሥር ገብተህ ተመልከት። ከፊት ጎማው ወደ መሐል የሚሄዱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ጎማውን የሚሸከመው የታችኛው ክንድ ነው። ሌላው ጎማውን የሚያዞረው ታይሮድ ነው። ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ሁለቱም እንደ በር ማጠፊያ ቅስት ይሠራሉ። ፋብሪካው ሁለቱን አቻ እንዲሆኑ አድርጎ ነው ያሰላቸው፣ ግን ለፋብሪካው ቁመት። መኪናዋን 4 ሴንቲ ስታወርዳት ሁለቱም ከታሰበላቸው ቦታ ይወጣሉ። ቅስቶቻቸው አይገጥሙም። ከዚያ ጎማው ጉብታ ሲመታ ታይሮዱ ሳይታዘዝ ጎማውን ትንሽ ያዞረዋል። አንተ መሪውን ቀጥ አድርገህ ይዘሃል፣ ጎማው ግን ዞሯል። ግራው ጉብታ ሲመታ ወደ አንድ በኩል፣ ቀኙ ሲመታ ወደ ሌላው። ከተማ ውስጥ በ30 ስትሄድ አይታወቅህም። በ90 ላይ ግን መኪናዋ የራሷ ሐሳብ ያላት ይመስልሃል። አሸዋው፣ አላይመንቱ፣ ሁሉም ያልነኩት በሽታ ይሄ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

«ታዲያ ስፖርት መኪና ሁሉ ዝቅ ያለ አይደለም ወይ?» ትለኝ ይሆናል። ነው። ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርትን ውሰድ። ከቪትዝ ጋር የሚቀራረብ ትንሽ መኪና ነው። ግን ፋብሪካው ሞላውን ብቻ አልነካም። ሾክ አብዞርበሩን (የሞላውን መንጠር የሚገታውን)፣ ጎማውን፣ መሪውን አብሮ አስማምቷል። እኛ ሞላውን ብቻ እንለውጥና ሾኩን የድሮውን እንተወዋለን። አጭርና ጠንካራ ሞላን ያረጀ ሾክ አይገታውም። መኪናዋም መንገዱን ትዘላለች እንጂ አትነካውም።

ከዚህ በኋላ መላላት ነው። አላይመንት የላላ ነገር አያጠብቅም። ይህን የተማርኩት በሰው ገንዘብ ነው። ጀማሪ እያለሁ አንድ ደንበኛ ሦስት ጊዜ መጣብኝ። ሦስቱንም ጊዜ ማሽኑ አረንጓዴ አሳየኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ «ጨርሻለሁ» አልኩት። በአራተኛው አንድ ሽማግሌ መካኒክ መጥቶ «መኪናውን ወደፊት አንቀሳቅስና ፍሬን ያዝ፣ እኔ ጎማውን ላየው» አለኝ። ፍሬን ስይዝ ጎማው ወደ ኋላ አንድ ጣት ያህል ሸሸ። የታችኛው ክንድ የኋላው ጎሚኒ፣ ማለትም ማያያዣ ላስቲኩ፣ ተቀዶ ነበር። ማሽኑ የሚለካው የቆመ መኪና ነው። ቆሞ ሳለ ሁሉም በቦታው ነው።

አንተም እንዲሁ አስደርግ። ከዚያ ፊቷን በክሪክ አንሳ፣ ከሥሯ ድጋፍ አድርግ። ጎማውን ግራና ቀኙን ይዘህ ነቅንቀው። ካንቀጫቀጨ ታይሮድ ነው። ላይና ታቹን ይዘህ ነቅንቀው። ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት) ወይም ቦል ጆይንት (ጎማውን ከታችኛው ክንድ የሚያያይዘው መጋጠሚያ) ነው። ቦል ጆይንት ከሆነ ቢሾፍቱ መሄድ ይቅርብህ፣ ጋራዥም ቢሆን አስጎትተህ ሂድ። እሱ ሲወልቅ ጎማው ተገንጥሎ ይተኛል። የኋላውንም አክስል አትርሳው። በቪትዝ ላይ የኋላው ሁለት ጎማ በአንድ ብረት የተያያዘ ነው፣ ከፊት በሁለት ትላልቅ ጎሚኒ ይንጠለጠላል። እነሱ ሲያረጁ ኋላው ራሱ መሪ ይሆናል። ያን ጊዜ ሾፌሩ ፊቱን ሲያስጠግን ይከርማል።

አንድ የቪትዝ ብቻ የሆነ ነገር አለ። ቪትዝ የሚለው ስም የጃፓን ገበያ ስም ነው። ውጭ አገር ያሪስ ነበር የምትባለው። ጃፓን ደግሞ መሪ በቀኝ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ቪትዝ ሆና መሪዋ በግራ ከሆነ አንድ ሰው አዛውሮታል ማለት ነው፣ ብዙውን ጊዜ ዱባይ ላይ። ሊብሬህን አውጣ። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አሃዝ ካለው መጀመሪያውኑ ለውጭ ገበያ የተሠራች ናት። አጭር ሆኖ በኤስሲፒ90 የሚጀምር ከሆነ የጃፓን ናት። ማዛወሩ በራሱ ኃጢአት አይደለም። በትክክል የያሪስ የመሪ ሳጥን በቦታው ከገባ እድሜ ልኳን ትሄዳለች። ሳጥኑ በብየዳ ከተያዘ፣ ወይም ከፍታው ጥቂት ሚሊ ከተዛባ ግን ቅድም የነገርኩህ የቅስት ችግር እጥፍ ይሆናል። መካኒኩ ከሥር ሲገባ የሳጥኑን ማሰሪያ ብሎኖች አሳየኝ በለው። ዓይን ያየዋል፣ ማሽን አያስፈልገውም። መሪው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ ስለሆነም፣ ሳጥኑ ወይም ኮለኑ (የመሪው ዘንግ) ተፈትቶ ከነበረ የመሐል ነጥቡ በኮምፒውተር መስተካከል አለበት። ብዙ ቦታ ይዘሉታል።

አላይመንት የመጨረሻው ሥራ ነው። ጎማው፣ መላላቱ፣ ሞላው ካለቀ በኋላ። ንፋሱን ሞልተህ ሂድ። ከማሽኑ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር የያዘውን ወረቀት ጠይቅ፣ «ተስተካክሏል» የሚለውን ቃል ብቻ ይዘህ አትውጣ። ቶ የሚባለውን እይ። የሁለቱ ፊት ጎማዎች አፍንጫ ወደ ውጭ ካየ መኪናዋ ትቅበዘበዛለች። ከዜሮ እስከ 2 ሚሊ ወደ ውስጥ ቢያይ ጥሩ ነው። የግራና የቀኝ ካስተር መቀራረብ አለበት። ካስተር ማለት መሪውን ከኩርባ በኋላ ወደ መሐል የሚመልሰው ዝንባሌ ነው፣ ብስክሌት እጅህን ለቀህ እንድትነዳ ከሚያግዙህ ነገሮች አንዱም እሱ ነው። ካስተርም ሆነ የኋላ ጎማ አቅጣጫ በቪትዝ ላይ በብሎን አይስተካከልም። ቁጥሩ ከተዛባ አንድ ብረት ተጣሟል። ስለዚህ «ካስተሩን አስተካከልኩልህ» የሚል ሰው ካጋጠመህ ምኑን እንደፈታ ጠይቀው።

ሁሉም ተሠርቶ ግን ኮሮላ አትሆንም። የፊትና የኋላ ጎማዋ ርቀት 2.46 ሜትር ነው። የድሮዋ ኮሮላ 2.60 ነበረች። አጭር መኪና ፈጥና ትዞራለች፣ ስለዚህ ፈጥናም ትታወካለች። ሲኖትራክ ሲያልፍህ መጀመሪያ ይገፋሃል፣ ጭራው ሲያልፍ ደግሞ ይስብሃል። ይሄ ለሁሉም መኪና ነው፣ አንተ ጋ ይበዛል። መሪውን አንቀህ አትያዝ። ትንሽ ብትንቀሳቀስ ተዋት፣ ራሷ ትመለሳለች። ፈርተህ በኃይል ስትመልሳት ነው ግራ ቀኙ የሚጀምረው።

በአንተ ቦታ ብሆን የፋብሪካውን ሞላ ከአዲስ ሾክ ጋር መልሼ አስገባ ነበር። ቸርኬውንም ወደ 15 ወይም 16 አወርድ ነበር። ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ያለችንን እያከምን ነው የምንኖረው፣ ቪትዝህን እንዳሮጌ አትያት። 17ቱን አልለቅም ካልክ ግን ቢያንስ ሞላውን መልስ። በሁለቱ መካከል ከተባልኩ የበደለህ ሞላው ነው።

ፈጣን መንገዱ ላይ ሞክረህ ምን እንደሆነች፣ ከአላይመንቱም ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ጻፍልኝ። አሸዋውን ዛሬውኑ አውርደው። ቱሉ ዲምቱ ቤት የማይሠራ ጎረቤት የለም፣ ፈላጊ አታጣም።